እንኳን አደረሳችሁ፣ ከእማማ በረንዳ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ፣ አያቴ እማማ ጥላው ሲመጣ ወንበሯን ታወጣበት ከነበረው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ዘንድሮ በዓሉ ረቡዕ በመዋሉ ትናንት ማታ የተለመደው የጾም ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ እርሷ ብትኖር ኖሮ “ጌታ በተወለደበት ቀን ማን ይጾማል?” ብላ በአንድ ቃል ትዘጋው ነበር። ይህ ያለ እርሷ የምናከብረው የመጀመሪያው ገና ነውና፣ የሚዘጋልን አጥተን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን።

እማማ ባለፈው ግንቦት በ89 ዓመቷ ዐረፈች። የተወለደችው ጣልያን በገባበት በ1928 ዓ.ም. ስለነበር “ድሬ በ33 ዓመት ብቻ ነው የምትበልጠኝ፤ ታላቅ እህቴ ናት” እያለች ትቀልድ ነበር። ስሌቷ ልክ ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። ባቡሩ የሐረርን ዳገት ፈርቶ ሜዳውን ባይመርጥ ኖሮ በመጀመሪያ “አዲስ ሐረር” የተባለችው ይህች ከተማ አትቆረቆርም፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበረው አያታችንም እማማን አያገኛትም ነበር። ወጥ የምትጥደው የባቡሩን ፉጨት ሰምታ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ማለፍ ከጀመረ ወዲህ ግን “ይኼ እንደ ሌባ ነው፤ ድምፁን ሳያሰማ መጥቶ ይሄዳል” ትል ነበር፤ በዚህ ጉዳይ እኔም ከእርሷ ጋር ነኝ።

በእማማ ቤት ለገና ሁለት ድስት ይጣዳል። ትልቁ የእኛ ነው። ሁለተኛው፣ ለብቻው ከፍ ያለ ሚስማር ላይ የሚሰቀለው፣ የጎረቤታችን የአዬዮ ነው። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ በሱማልኛ “አያቴ” እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት፣ ልጃቸው በማለዳ መጥቶ የእነርሱን በግ በራሱ እጅ ካላረደ የእኛም በዓል አይጀመርም ነበር። የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ሳላስተውል የእኛን ወጥ በዚያ ድስት ገለበጥኩበት። እማማ ድስቱን አጥባ ለነዳያን ሰጠችና በማግስቱ ሌላ ገዛች። አዬዮ እንደሆኑ አላዩም፣ ለምን ታጥቦ አይሰቀልም ብዬ ብጠይቃት “እኔ አይቼዋለሁ” ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የዛሬ ዓመት ገና አዲስ አበባ ነበርኩ። ሥራ በዝቶብኝ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ነው እንኳ ለማለት የሚያሳፍር ስልክ ደወልኩላት። “ድስቱን ማን ያወርድልኛል?” አለችኝ፤ ክንዷ ወደ ላይ አልነሣ ብሏት ነበር። ስቄ “ጎረቤት ጥሪ” አልኳት። ይህን ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ይዤው ቆይቻለሁ።

ከእማማ አልጋ ሥር አንድ የእንጨት ሣጥን ነበረ። ጉልበት በነበራት ዘመን የደንገጎን ዳገት በእግሯ ወጥታ ቁልቢ ገብርኤልን ስትሳለም ይዛው የሄደችው የመግነዝ አቡጀዲ በዚያ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዕለተ ሞቷ ስንከፍተው የሠርግ ነጠላዋንና የአያታችንን የሥራ መታወቂያ አገኘን፤ አቡጀዲው ግን የለም። ከዘመዶቼ አንዷ ቤት ውስጥ የምትሠራውን ልጅ ገረፍ አድርጋ ስታያት አየሁ። ያን ጊዜ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አዬዮ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ ወሰዱኝ።

የነገሩኝ የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30ን ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ሌሊቱን ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ የወሰደበትን እሑድ። ከሟቾቹ አንዷ የአዬዮ የእህት ልጅ ነበረች። ገበያው በሙሉ ጭቃ ውስጥ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው፤ ለከፈን የሚሆን አንድ ክንድ ጨርቅ ጠፋ። እማማ ወደ ቤት ገብታ አቡጀዲዋን በክንዷ ይዛ ወጣች፤ “ለልጆቼ እንዳትነግሪ፣ ሌላ ለመግዛት ይጨነቃሉ” አለቻቸው። አዬዮ ወደ 19 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልተናገሩም። አጎቴ የዚያን ዕለት ወደ መጋላ ሮጦ አዲስ ጨርቅ ገዛ፤ እኔ ደግሞ ሄጄ ያቺን ልጅ በዘመዴ ስም ይቅርታ ጠየቅኋት።

ስለዚህ ዘንድሮ ምስጋናዬ የሚጀምረው ከአዬዮ ነው። ቀጥሎም እማማን በየሳምንቱ ሐኪም ቤት ያመላልስ ለነበረው የሰፈራችን የባጃጅ ነጂ፤ ሒሳብ ስንለው “ማታ” ይለን ነበር፣ ያ ማታ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ለአክስቴ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ገላዋን አጥባ ጸጉሯን ለሠራችላት፤ እኛ ፎቶ ብቻ ላኪልን ስንል አንድም ቀን ፊቷን ያላጠቆረችብን። ለዕድራችን ሰዎች፣ ድንኳኑን በዚያ ሙቀት በቀትር ለተከሉት። በዚያው ድንኳን ውስጥ ማን ስንት እንዳዋጣ ዝርዝሩ በድምፅ ይነበብልን ላላችሁ ዘመዶቼም እንኳን አደረሳችሁ፤ ለእናንተ የምመኝላችሁ አንድ የተቆለፈ ሣጥን ነው።

ዛሬ ጠዋት ወንበር ላይ ቆሜ ድስቱን አወረድኩት። የአዬዮ ልጅ፣ አሁን እርሱም ሽበት የጀመረው፣ በጉን አርዶ ሄደ፤ ወጡን እኔ ሠራሁት። አዬዮ ዓይናቸው ስለደከመ በረንዳው ድረስ እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸውና በማንኪያ አቀመስኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና “ጨው አንሶታል” አሉኝ። ልነሣ ስል ደግሞ ቀሚሴን ያዝ አደረጉኝ። “ተዪው። እሷም ሁልጊዜ ታሳንሰው ነበር።”