ዲስኩ ይሠራል፣ ካሴቱ እምቢ ብሏል?

ዲቪዲና የቪዲዮ ካሴት በአንድ ላይ የሚያጫውት ዴክ ቤታችሁ ካለ፣ አዲስ ፍላት ቲቪ ገዛን ብላችሁ እንዳትጥሉት። ለልዋጭም እንዳትሰጡት። እዚህ ጅማ ሰፈራችን ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ያስቸገረው ሰው የሚጠራው እኔን ነው፣ የምሰማውም ቅሬታ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ዲስኩ ይሠራል፣ ካሴቱ ግን ተበላሽቷል። አብዛኛውን ጊዜ ካሴቱም ዴኩም ደህና ናቸው። ችግሩ ከኋላ የተሰካው ገመድ ነው።

በቅርቡ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚኖሩ አንድ እናት የሠርጋቸውን ካሴት ማየት አቃታቸውና ጠሩኝ። «እትዬ፣ እስቲ ጀርባውን ልየው» አልኳቸው። ዴኩ ከቲቪው ጋር የተገናኘው ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ በሚያስተላልፈው በኤችዲኤምአይ ብቻ ነበር። ዲስክ ሲገባ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ካሴት ሲገባ ቲቪው ጥቁር ነው፣ ካሴቱ ዴኩ ውስጥ ሲዞር ግን የመዞሩ ድምፅ ይሰማል። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ የሆነውን የኤቪ ገመድ ሰካሁላቸው። ትንሽ ተንቀጠቀጠና ድንኳኑ መጣ፣ ሚዜዎቹ መጡ፣ ከዳር ቆመው እልል የሚሉ አሮጊት ታዩ። «እማምዬ! እማምዬ እኮ ናት!» ብለው ተነሥተው ቲቪው ጋ ሄዱ። እናታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲስኩ ላይ ያለው ዲጂታል ነው፣ ካሴቱ ላይ ያለው ደግሞ አናሎግ። ብዙዎቹ ባለ ሁለት ዴኮች በኤችዲኤምአይ እና አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ በሆኑት ሦስት የምስል ቀዳዳዎች የሚያወጡት የዲስኩን ምስል ብቻ ነው። ካሴቱ የሚወጣው በቢጫው ነው። በኤችዲኤምአይ ሁለቱንም የሚያወጡ አሉ፣ ግን ሁሉም አይደሉም። የዴኩን ጀርባ በባትሪ አብርታችሁ አንብቡ። «ለዲቪዲ ብቻ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ለካሴት አትጠብቁት፤ ዲቪዲና ቪሲአር (ማለትም የካሴቱ ክፍል) አንድ ላይ የተጻፈበትን ፈልጉ። እዚያው አጠገብ መግቢያም ስላለ፣ የምትሰኩት መውጫ፣ ማለትም «አውት» የሚለው ላይ መሆኑን እዩ። ቲቪው ላይ ደግሞ «ኢን» ላይ።

አዲስ ቲቪ ላይ ሰው የሚደናገረው ቢጫ ቀዳዳ ሲያጣ ነው። ብዙ ጊዜ አለ፣ ግን ከአረንጓዴው ጋር አንድ ላይ ሆኗል፤ ቀለሙ ግማሽ ቢጫ ግማሽ አረንጓዴ ይሆናል። ቢጫውን እዚያ ሰኩት። ቀይ ቀዳዳ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ለምስል አንዱ ለድምፅ፤ የእናንተ ቀይ ገመድ ከነጩ አጠገብ ያለው የድምፁ ላይ ነው የሚገባው። ከዚያ በሪሞት «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጫኑና ኤቪ ምረጡ። ኮምፖነንት (የአረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ምስል ቀዳዳዎቹ ስም ነው) ከመረጣችሁ ምስሉ ቀለም አልባ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በመጨረሻ የዴኩን ዲቪዲ/ቪሲአር ቁልፍ ተጭናችሁ ወደ ካሴት አዙሩ፤ ይህን ቁልፍ የሚረሳው ሰው ብዛቱ!

ቲቪው የኤቪ ቀዳዳ ጨርሶ ከሌለው ኤቪን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ያስፈልጋል። ስትገዙ ተጠንቀቁ፣ በተቃራኒው የሚሠራ ቁርጥ ተመሳሳይ ሣጥን አለ። አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ላዩ ላይ የተጻፈውን አቅጣጫ ሳታዩ ብር አትክፈሉ። አንዳንድ ቲቪ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ የምታክል ቀዳዳ ብቻ አለው፤ ለዚያ ከራሱ ከቲቪው ጋር የመጣውን ማገናኛ ገመድ ፈልጉ። ከሌላ ዕቃ የተዋሳችሁት ቢገባም ውስጡ የገመዶቹ አቀማመጥ ሊለይ ይችላል፣ ምስል በሚመጣበት ጩኸት ይመጣል።

ዘመድ ከአሜሪካ ዴክ አመጣላችሁ? መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እኛ 220 ላይ ከሰካችሁት ያቃጥላችኋል። እሱም ቢፈታ ሌላ ጣጣ አለ። እዚያ ካሴት ይቀዳ የነበረው ኤንቲኤስሲ በሚባል የምስል ሥርዓት ነው፣ የእኛ አገር ሠርግ የተቀረጸው ደግሞ ፓል በሚባለው። ኤንቲኤስሲ ብቻ የሚያነብ ዴክ የጅማን ሠርግ በደንብ አያሳያችሁም። ስለዚህ እዚሁ የተገዛ አሮጌ ዴክ ካላችሁ እሱን ያዙ፤ አዲስ የሚሠራ የለም፣ ቪሲአር ሲያመርት የቆየው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። የጅማ እርጥበት ለካሴት ጠላት ነው። ካሴቱን ከመክተታችሁ በፊት በካሴቱ መስኮት ውስጥ ጥቅልሉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ጥቁሩ ጥቅልል ጠርዝ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። አትክቱት። የዴኩን ሄድ፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል ያቆሽሻል፣ ቀጥሎ የምትከቱት ጤነኛ ካሴትም ላይ ይጋባል። የሚያጸዳ ሰው ፈልጉ። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ስም የሚለጠፍበት ጠባብ ጎኑ ላይ፣ በስተግራ ጥግ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ስበሩ፤ እሷ ከሌለች ማንም ልጅ ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ ቢጫን ሠርጉ ላይ ሌላ ነገር አይቀዳም። መሐል ላይ መብራት ከጠፋም ካሴቱን ጎትታችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። ክሩ ውስጥ እንደተጠመጠመ ነው። መብራት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ራሱ ካልተፋው የማውጫውን ቁልፍ ተጫኑ።

ምስሉ ከመጣ በኋላ ከታች በኩል መስመር ካለው ትራኪንግ የሚለውን ቁልፍ ወደ ላይ ወደ ታች ሞክሩ። ሰዉ ሁሉ አጥሮና ወፍሮ ከታየ የቲቪውን ስክሪን 4፡3 አድርጉት።

ካየነው አይቀር ወደ ፍላሽ ይገልበጥልን የምትሉ፣ ያው ቢጫው ገመድ ወደ ላፕቶፕ በሚያስገባ ካፕቸር ዕቃ በኩል ይሠራል። ማፍጠን ግን የለም፤ የ3 ሰዓት ካሴት 3 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ሻጋታው ሳይቀድማችሁ ቅድሚያ የሚሰጠውን ካሴት ምረጡ፣ መብራት የማይቆራረጥበት ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ቡናችሁን አፍልታችሁ ከቤተሰቡ ጋር እያያችሁ ቅዱት።