የወርክሾፓችንን መጋዘን እንዴት እንዳቀለልነው

ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ ባለ የብረት በርና መስኮት ወርክሾፕ የዕቃ ግዢውንና መጋዘኑን የምከታተለው እኔ ነኝ። ሥራውን ስረከብ መጋዘኑ ጢም ብሎ ነበር፤ የሚፈለገው ዕቃ ግን የለም። ላሜራው መተላለፊያ ዘግቷል፤ ያለቀ በር ግን ማጠፊያ ጠፍቶ ቆሞ ይውላል። ገንዘባችንን ዝገት ይበላዋል፣ ደንበኛ ደግሞ ይመላለሳል።

መጀመሪያ አጣራን። ካይዘን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ የሠለጠነ ሰው አምስቱን ማዎች (በ«ማ» የሚጀምሩትን የሥራ ቦታ ማስተካከያ ደረጃዎች) ያውቃቸዋል፤ ቀዳሚው ማጣራት ነው። የማይረባውን ቁርጥራጭ ለቆራሌው ሸጥነው። ቦታ ተገኘ።

ከዚያ «ጀስት ኢን ታይም»ን፣ ማለትም ዕቃን በሚፈለግበት ጊዜ፣ በሚፈለገው ልክ ብቻ የማምጣት ዘዴን አጠናሁ። ቶዮታ ውስጥ ያሳደገው ታይቺ ኦኖ ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ነበር፦ ደንበኛ ከመደርደሪያ ያነሳውን ያህል ብቻ ተካ። ግሩም ነው። ግን የቶዮታ አቅራቢዎች ብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። የእኛ ብረት ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው የሚደርሰው፤ ያውም መንገዱ ሰላም ከሆነ።

ስለዚህ ዕቃውን በዋጋው ሳይሆን በሚመጣበት ጊዜ ለየሁት። ቀለም፣ ቲነርና የመቁረጫ ዲስክ እዚሁ ጎንደር አራዳ ሄደህ በሰዓታት ውስጥ ይዘህ ትመለሳለህ። ታዲያ ለምን እናከማቻለን? የሳምንት ብቻ እንይዛለን። መስታወት ደግሞ ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ልኩ ካልተወሰደ አንገዛም። ከሩቅ ለሚመጣው ግን ስሌት አለው፦ የዕለት ፍጆታን ዕቃው ለመድረስ በሚፈጀው ቀን አባዛ፣ መጠባበቂያ ጨምርበት። በቀን 2 ፓኬት ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) የሚያልቅ ከሆነና ለመድረስ 7 ቀን ከፈጀ 14 ነው፤ 6 መጠባበቂያ ሲጨመር 20። ክምችቱ 20 ላይ ሲደርስ ይታዘዛል። አለቀ።

ኤሌክትሮድ ላይ ግን ፈተና አለ። መንገዱ «አከማች» ይልሃል፤ ክረምቱ «ተው» ይልሃል። ርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ይፈናጠራል፣ ብየዳው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል። እኛ ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን። የገባበት ቀን ፓኬቱ ላይ በማርከር ይጻፋል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። የተከፈተ ፓኬት ሳያልቅ ሌላ አይከፈትም።

ለማጠፊያና ለብሎን ሁለት ሳጥን በቂ ነው። ሠራተኛው ከፊተኛው ሳጥን ይጠቀማል። ባዶ ሲሆን ከውስጡ የማዘዣ ካርዱን አውጥቶ ወደ መጋዘን ጠባቂዋ ይሄዳል፦ «እትዬ፣ ማጠፊያ አንዱ ሳጥን አለቀ!» እሳቸው ካርዱን ሚስማሩ ላይ ይሰቅሉታል። ያ ማለት ትዕዛዝ ወጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ሳጥን ሥራውን ይዞ ይቆያል። ይህን ያህል ቀላል ነገር ይህን ያህል ጭቅጭቅ ያስቀራል ብዬ አልገመትኩም ነበር።

መጠባበቂያ መያዝ ብክነት ነው የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1997 የፍሬን ቫልቭ የሚያቀርበው የአይሲን ፋብሪካ ሲቃጠል የቶዮታ የጃፓን ፋብሪካዎች ለቀናት ቆመዋል፤ በእጃቸው የነበረው የሰዓታት ክምችት ብቻ ነበርና። ጃፓን ውስጥ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ጋ መንገድ ሲዘጋስ? መጠባበቂያው ልክ ይኑረው እንጂ አይጥፋ።

መጋዘን ውስጥ ታስሮ የነበረው ገንዘብ ሲፈታ ሁለተኛ የብየዳ ማሽን ገዛን። አሁን የቀረኝ የስሌቱ ቁጥር ራሱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይሆንም። ለጥምቀት እንግዳ የሚቀበሉ ሆቴሎች በርና መስኮት የሚያሳድሱት ታኅሣሥ ላይ ነው፤ የዕለት ፍጆታችን ያኔ ይጨምራል። ስለዚህ ኅዳር ሲገባ ካርዶቹን ሁሉ አውርደን ከእትዬ ጋር እንደገና እናሰላለን።