ደንገጎ ላይ የጠማው ሰርፍ

ወንድሜ ከአሜሪካ ሱፐርቻርጀር ሲልክልኝ እናቴ ካርቶኑን ከፍታ አየችና «ይሄ ደግሞ የስጋ መፍጫ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይመስላል።

መኪናዬ ባለ 3.4 ሊትር ቪ6 ቶዮታ ሰርፍ ናት። ድሬ ውስጥ ሜዳው ላይ ምንም አይወጣላትም። ጣጣው ሐረር ስንወጣ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ የደንገጎን ዳገት ጨርሳችሁ ሐረማያ ስትደርሱ 2,000 ገደማ ናችሁ። በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ሱፐርቻርጀሩ በቺንጋ እየተሽከረከረ የጎደለውን አየር ገፍቶ ያስገባል። ግን አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑም መጨመር አለበት። እኔ እዚህ ላይ ነው የተኛሁት።

በገጠምነው በሦስተኛው ቀን ደንገጎን ጀመርኩት። ጥምዝ ላይ ነዳጅ ስረግጥ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚነቀነቅ የሚመስል ድምፅ መጣ። እግሬን አነሳሁና ዳር ያዝኩ። ካንዴላዎቹ ሲፈቱ ጫፋቸው ነጭ ሆኗል። ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ያረጁት መካኒኬ አንዷን ወደ ፀሐይ ይዘው አዩና «አቦ ልጄ፣ ይሄ ሞተር ጠምቶታል» አሉኝ። ትንሽ ብገፋበት ፒስቶን እበሳ ነበር። በሰላሙ ጊዜ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ልክ ነው፤ አየር በግፊት ሲገባ ግን ወደ 12 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ትርፉ ቤንዚን እሳቱን ያቀዘቅዛል።

ወረቀት ላይ አሰላሁት። 250 የፈረስ ጉልበት ካልኩ በሰዓት 92 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ቤንዚኑን ለሚረጩት ስድስት ኢንጀክተሮች ሲካፈል፣ ትንሽ መተንፈሻም ሲተውላቸው፣ እያንዳንዱ በደቂቃ 320 ሲሲ መርጨት አለበት። ወንድሜን እንደገና አስቸገርኩት። ትልልቅ ኢንጀክተሮች፣ መጠኑን የሚያስተካክል ትንሽ ኮምፒውተርና በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ላከ። ብሩን አልናገርም፣ ባለቤቴ ታነባለች።

ሁሉንም ገጠምን። የቤንዚን ግፊት መለኪያውን በረጅም ቱቦ አውጥተን ከፊት መስታወቱ ውጭ፣ ዝናብ መጥረጊያው ሥር በፕላስተር ለጠፍነው። እየነዳሁ እንዳየው ነው። መነሻው 3 ባር ነው። ሱፐርቻርጀሩ ግማሽ ባር ሲገፋ 3.5 መሆን አለበት፣ ምክንያቱም ኢንጀክተሩ ያንን አየር አሸንፎ ነው የሚረጨው። ዳገቱ ላይ ረገጥኩ። ቀስቱ ትንሽ ከፍ አለና ቁልቁል ሄደ። 2.4! አዲስ ፓምፕ፣ ያውም ትልቅ።

ፊልትሮውን ቀየርን። ያው ነው። ሰርባቶዮውን አውርደን አጠብን፤ ከሥሩ አንድ ጭብጥ የሚሞላ አሸዋና ዝገት ወጣ፣ ለውጥ ግን የለም። በመጨረሻ አንድ ወጣት የመኪና ኤሌትሪሻን መጣና ፓምፑን ትቶ ቴስተሩን ያዘ። ባትሪው ላይ 13.9 ቮልት። ፓምፑ ጋ 11.2። «ወንድሜ፣ ቤንዚን አይደለም፣ መብራት ነው ያጠረህ» አለኝ። የፋብሪካው ሽቦ ቀጭን ነው፣ በዚያ ላይ አርጅቷል። ትልቁ ፓምፕ ደግሞ ብዙ አምፔር ስለሚስብ በዚያ ሽቦ ላይ ቮልቱ ጭራሽ ይወርዳል። ችግሬን በገዛ ገንዘቤ አሳድጌዋለሁ ማለት ነው።

ከባትሪው በፊዩዝና በሪሌ ወፍራም ሽቦ ዘረጋን። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ፓምፑ ጋ 13.6 ሆነ። በማግስቱ ከሰዓት፣ ድሬ እንደ ምጣድ በጋለችበት ሰዓት፣ ደንገጎ ላይ ረገጥኩት። ቀስቱ 3.5 ላይ ቆመ።

አሁን ከግማሽ ሰርባቶዮ በታች ይዤ ዳገት አልወጣም። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተነከረበት ቤንዚን ነውና። የድሮው ፓምፕ በጨርቅ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አለ። በአዲሱ ሽቦ ይችለው እንደሆነ መካኒኬ «እንሞክረው» እያሉ ይነዘንዙኛል። ከቻለው ለወንድሜ ምን እንደምለው ስላላወቅኩ እስካሁን እምቢ ብያለሁ።