የእህቴን ልጅ ላስመዘግብ ሄጄ

እህቴ የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ባሏ ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል፣ እሷም ገና ከአልጋ አልወረደችም። እኔ እያለሁ ምን ያስጨንቃቸዋል ብዬ፣ ሆስፒታሉ የሰጠንን የልደት ማሳወቂያና የሁለቱንም መታወቂያ ይዤ ቀበሌ ሄድኩ።

የክብር መዝገብ ሹሟ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና፣ "ለልጅቷ ምኗ ነዎት?" አለችኝ።

"አክስቷ።"

"እናትና አባቷስ?"

"አሉ፣ ደህና ናቸው።"

"እንግዲያው እነሱ ይምጡ።"

አንጀቴ አረረ። ከምጧ ጀምሮ ከአጠገቧ ያልተለየሁት እኔ ነኝ! ሹሟ ግን ታግሳ አስረዳችኝ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት የሚያስመዘግበው ሰው በተራ ተቀምጧል። መጀመሪያ ወላጆች ናቸው፤ አንዱ ከሌለ ሌላው ይበቃል። ወላጆች ከሌሉ አሳዳሪው፣ አሳዳሪ ከሌለ ደግሞ ሕፃኑን ተረክቦ የሚንከባከበው ሰው ነው። አክስትነት ብቻውን ተራ አያሰጥም።

የተሰጠው ጊዜ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ስለሆነ አልተጨነቅንም። አማቼ ሲመለስ አብሬው ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ነው የሆስፒታሉን ወረቀት አንብቦ "ስሟ ተሳስቷል" ያለው። የእህቴ መታወቂያ ላይ "ጸሐይ" የሚለው፣ ማሳወቂያው ላይ "ፀሐይ" ሆኗል። እኔ ስንቴ አይቼው አልታየኝም። ያን ጊዜ ንዴቴ በረደ፤ ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የምትይዘው ወረቀት ላይ የእናቷ ስም በሌላ ፊደል ሊሰፍር ነበር። ስለዚህ ከጤና ተቋም ስትወጡ፣ ማሳወቂያውን ከመታወቂያ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ከሁሉ የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ጎረቤታችን እማማ የልጃቸውን ልጅ ከአራስነቱ ጀምሮ ያሳድጋሉ። እናቱ አርፋለች፣ አባቱ የለም፣ በፍርድ ቤት የተሾመ አሳዳሪም የለውም። "እኔ አያት እንጂ እናት አይደለሁ፣ ማን ይሰማኛል" ብለው ቁጭ ብለዋል። እኔን የመለሰኝ ያው ሕግ ለእሳቸው በር ይከፍታል፤ ተራው የእሳቸው ነው። ይህን ስነግራቸው ነጠላቸውን አደግድገው ተነሡ። ልጁ 2 ወር ከ10 ቀኑ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን አዝለው፣ የእናቱን የሞት ምስክር ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው በሬን አንኳኩ። አብረን ወጣን።