የድንጋዩ ቅልቅል እና የኮምፒውተሩ ቅልቅል

ስለ ነዳጅ ክምችት ሲነሳ ብዙ ሰው በዐይነ ኅሊናው የሚያየው ከመሬት በታች የተኛ ጥቁር ሐይቅ ነው። ድፍድፍ ነዳጁ ግን የሚገኘው እርጥብ አሸዋ ውሃ እንደሚይዝ ሁሉ ለዐይን በማይታዩ የድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ታምቆ ነው። የእኔ ሥራ ነዳጁን ለማስወጣት ወደዚያ ድንጋይ ጋዝ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሲገባ ከነዳጁ ጋር ምን ያህል እና በምን ፍጥነት እንደሚቀላቀል በሞዴል ማስላት ነው። በዚህ ሥራ ዓመታት ካሳለፍኩ በኋላ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ሞዴሉ ካሳየን ቅልቅል ውስጥ የድንጋዩ የቱ ነው፣ የኮምፒውተሩስ የቱ ነው የሚለው ሆኗል።

መነሻው ሥርጸት ወይም በተለምዶ ዲፊዩዥን የምንለው ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 እንዳስቀመጠው፣ አንድ ንጥረ ነገር ከሚበዛበት ወደሚያንስበት ሲሰርጽ ፍሰቱ ከይዘት ልዩነቱ ጋር ተመጣጣኝ ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሥርጸት መጠኑ በሴኮንድ የካሬ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከርቀቱ ጋር ሳይሆን ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ስለዚህ 1 ሜትር ለመሻገር 30 ዓመት ገደማ፣ 100 ሜትር ለመሻገር 300 ሺህ ዓመት ገደማ፣ 1 ኪሎ ሜትር ለመሻገር ደግሞ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይወስዳል። በድንጋይ ውስጥ መንገዱ ጠመዝማዛ በመሆኑ ከዚህም ይዘገያል።

ይህን አዝጋሚነት አይቶ ሥርጸትን ከስሌት ማውጣት ግን ስሕተት ነው። በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ውስጥ ጋዙ በስንጥቆቹ በፍጥነት ያልፋል፣ ነዳጁ ግን በስንጥቆቹ መካከል ባሉት ጠጣር የድንጋይ ብሎኮች ውስጥ ይቀራል። ብሎኩ 30 ሴንቲሜትር ከሆነ በዚያው የካሬ ሕግ ጊዜው ወደ 3 ዓመት ይወርዳል፤ ይህም ጉድጓዶቹ ከሚሠሩበት ዘመን ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው። ያው ሕግ በሌላ አቅጣጫም ይጠቅመናል፤ በአንድ ክምችት ውስጥ የሁለት ጉድጓዶች ነዳጅ የተለያየ ይዘት ካለው ልዩነቱ በመካከላቸው የሚያግድ ነገር እንዳለ ሊጠቁም ይችላል። ሆኖም በኪሎ ሜትር የሚራራቁ ጉድጓዶች በሥርጸት ብቻ ለመመሳሰል ሚሊዮን ዓመታት ስለሚፈልጉ፣ ልዩነቱን ብቻ አይቶ ግድግዳ አለ ብሎ መደምደም ችኮላ ነው እላለሁ።

ፈሳሹ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። በአንድ ቀዳዳ መሐል ያለው ፈሳሽ ግድግዳውን ከተጠጋው ይቀድማል፤ አንዱ ጅረት አጭር መንገድ ሲያገኝ ሌላው ዙሪያውን ይሄዳል፤ በዚህም የተነሣ ስለታም የነበረው የሁለቱ ፈሳሾች ወሰን እየሰፋ ይሄዳል። ጆፍሪ ኢንግራም ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1953 ፍሰት እና ሥርጸት ተጋግዘው ይህን መስፋፋት እንዴት እንደሚፈጥሩ በቀጭን ቱቦ አሳይቷል። ለድንጋይ ይህን የመበተን ባሕርይ የምንገልጸው በርዝመት ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ ናሙና ላይ ሲለካ አነስተኛ የነበረው ቁጥር በመስክ ስፋት ሲታይ እያደገ ይሄዳል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሲሙሌተሩ፣ ማለትም ሞዴሉን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ክምችቱን ፍርግርግ በሚሠሩ ክፍሎች ከፋፍሎ ያሰላል፤ ወደ አንድ ክፍል የገባ ፈሳሽ ደግሞ ወዲያውኑ በክፍሉ ሙሉ እንደተቀላቀለ ይቆጠራል። በተለመደው የስሌት ዘዴ፣ የጊዜ እርምጃው አጭር ሲሆን፣ ይህ የሚፈጥረው ሐሰተኛ መበተን የክፍሉን ርዝመት ግማሽ ያህላል። ባለ 10 ሜትር ክፍል ስንጠቀም 5 ሜትር መሆኑ ነው። ወሰኑ 500 ሜትር ሲጓዝ ስፋቱን የሚለካው መደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) 71 ሜትር ያህል ይደርሳል። የድንጋዩ የራሱ የመበተን ርዝመት 5 ሴንቲሜትር ነው ብንል ግን ከ7 ሜትር ብዙም አይርቅም ነበር። አሥር እጥፍ ልዩነት ያመጣው ድንጋዩ አይደለም፤ እኛ የመረጥነው ፍርግርግ ነው።

ውጤቱ ቀላል አይደለም። ነዳጁን ለማሟሟት የተረጨው ጋዝ በሞዴሉ ውስጥ ከመጠን በላይ ይቀጥናል፣ ወደ አምራቹ ጉድጓድም ቀድሞ የደረሰ ይመስላል። በተጨማሪም ቀጭኑ ጋዝ ዝልግልጉን ነዳጅ ሲገፋ ወሰኑ በጣት ቅርጽ እየተሰነጠቀ ሰርጎ ይገባል፤ ይህን ባሕርይ ሳፍማን እና ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1958 አስረድተውታል፣ ሰፋፊ ክፍሎች ያሉት ሞዴል ግን ጣቶቹን ደምስሶ ያልፋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ቶድ እና ሎንግስታፍ ያቀረቡት ዘዴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከማስላት ይልቅ ቅልቅሉን ከ0 እስከ 1 በሚሄድ አንድ ቁጥር ይወክላል። ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ያንን ቁጥር የሞዴሉ ውጤት ከመስኩ የምርት ታሪክ ጋር እስኪገጥም ድረስ እያስተካከሉ የፍርግርጉን ጥፋት መሸፈኛ ማድረግን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ስለዚህ ዋናውን ስሌት ከመጀመሬ በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ፈሳሹ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስበት አንድ ቀጥተኛ ሞዴል ወስጄ በ10፣ በ5 እና በ2.5 ሜትር ክፍሎች አስኬደዋለሁ። ስፋቱ 71፣ 50፣ 35 ሜትር እያለ ከወረደ የምመለከተው የኮምፒውተሩን ቅልቅል ነው፤ መውረዱን ሲያቆም የቀረው ስፋት በሞዴሉ ውስጥ ለድንጋዩ የሰጠሁት ነው። በሪፖርቴ ላይ የድንጋዩን እና የኮምፒውተሩን ቅልቅል፣ ሁለቱንም ቁጥሮች፣ ለየብቻ እጽፋቸዋለሁ።