ሯጯ ልብሷን ራሷ ትምረጥ

ዛሬ ጠዋት መስቀል አደባባይ ስፖርት ስሠራ አጠገቤ ሁለት ወጣት ሴቶች ይሮጡ ነበር። አንዷ ታይት፣ ሌላዋ ሂጃብና ሰፊ ቱታ ለብሰዋል። አንድ ጎልማሳ ቆም ብሎ ታይት የለበሰችውን "አንቺ፣ ትንሽ እንኳን አታፍሪም?" አላት። ሹራቧን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችና ሩጫዋን ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጎረምሳ ደግሞ ባለሂጃቧን "ኧረ አውልቂው፣ አያፍንሽም?" አላት። እሷም ዝም።

በጣም አንገበገበኝ። አንዷን ልበሺ፣ ሌላዋን አውልቂ! ስለ ሩጫቸው ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።

በትልቁ መድረክም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢራን ሴቶች እግር ኳስ ቡድን በሂጃብ ምክንያት ከኦሎምፒክ ማጣሪያ ጨዋታ ታገደ። ፊፋ ሂጃብን በይፋ የፈቀደው በ2014 ነው። በፓሪስ 2024 ፈረንሳይ የራሷን አትሌቶች ሂጃብ ከለከለች። እዚያው ፓሪስ ላይ አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሀሰን ለኔዘርላንድስ ማራቶን አሸነፈች። ፀጉሯን ሳትሸፍን ሮጠች፣ ወርቋን በሂጃብ ተቀበለች። ሁለቱንም የመረጠችው እሷው ናት። እኔ ይሄን ሳይ ደስ ይለኛል።

የጎረቤቴ ልጅ ግን ኳስ ያቆመችው "ያለ ቁምጣ አይቻልም" ስለተባለች ነው። እግሯ ላይ ኳስ ስትቆጣጠር ብታዩ! እባካችሁ፣ የታዳጊ ሴቶች ቡድን የምታሰለጥኑ ወዳጆቼ፣ ማሊያ ስታሠሩ ረጅም እጅጌና ሱሪም ጨምሩበት።