ሰው ፊት መብላት ከምትፈራው እህቴ ጋር የሄድንበት መንገድ

ታናሽ እህቴ ብቻዋን ስትሆን ደህና ትበላለች። ሰው ባለበት ግን እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የጎረሰችው አልዋጥ ይላታል። ምሳ ሲጋብዟት "በልቼ ነው የመጣሁት" ማለት ልማዷ ሆኖ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ ኩራት መስሏቸው መጥራቱን ተዉት። እርዳኝ ያለችኝም ያኔ ነው።

ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ የችግሩን ዓይነት መለየት ነበር። ክብደቷ እየቀነሰ ወይም ብቻዋን ስትሆንም ከምግብ እየሸሸች ቢሆን ኖሮ የአመጋገብ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ብቻዋን ስትበላም ጉሮሮዋ የሚይዛት ቢሆን የጉሮሮ ምርመራ ያስፈልጋት ነበር። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ካጣራ በኋላ ማኅበራዊ ጭንቀት፣ ማለትም ሰው ያየኛል፣ ይታዘበኛል ብሎ ከልክ በላይ መፍራት መሆኑን ነገራት። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የሰፈረ ነው፤ ሰው እያየ መብላትና መጠጣትን መፍራትም ከታወቁት መገለጫዎቹ አንዱ ነው። "እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችው።

አልዋጥ ማለቱም ምክንያት አለው። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይሰናዳል፤ ምራቅ ይቀንሳል፣ ጉሮሮ ይጨመደዳል፣ ጣት ይንቀጠቀጣል። አፉ የደረቀ ሰው መዋጥ ቢከብደው አይገርምም።

ከዚያ የሚያስፈሯትን ሁኔታዎች በወረቀት ጻፍንና ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 100 ነጥብ ሰጠቻቸው። ጆሴፍ ዎልፒ የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1950ዎቹ ካስተዋወቀው በደረጃ የመለማመድ ዘዴ የተወረሰ አሠራር ነው። ከቀላሉ ጀመርን፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ በእጅ የሚያዝ ደረቅ ነገር መብላት። ቀጥሎ ፊት ለፊት፣ ቀጥሎ አንድ ጓደኛዋ ባለችበት። ማንኪያና ሙሉ ብርጭቆ ከሁሉም በላይ ስለሚያስፈሯት መጨረሻ ላይ አስቀመጥናቸው። ወደሚቀጥለው ደረጃ መቼ እንደምናልፍ የምትወስነው እሷ ነበረች።

ብዙ የለወጣት ግን አንድ ሙከራ ነው። ሰው በሞላበት ምግብ ቤት ተቀምጠን እኔ ሆን ብዬ እጄን እያንቀጠቀጥሁ ውኃ ጠጣሁ፤ ጠረጴዛው ላይም ፈሰሰ። የእሷ ሥራ እኔን ትታ ዙሪያውን መመልከት ነበር። ሁሉም ዞሮ እንደሚያፈጥና እንደሚስቅ አስቀድማ በወረቀት ጽፋለች። አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ወሬው ተመለሰ። አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ወልውሎ ሄደ። ሌላ ምንም አልሆነም። ከቀናት በኋላ ተራውን ራሷ ወሰደች፤ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ጨብጣ መያዟን፣ ግማሽ ብቻ ማስቀዳቷንም ተወች። እንዲህ ያሉ መከላከያዎች ለጊዜው ያረጋጋሉ፤ ነገር ግን ያለእነሱ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ለማየት ዕድል አይሰጡም።

ማዕዱን የሚጋራው ሰው ድርሻም ቀላል አይደለም። "ብይ እንጂ" ማለት፣ ሳህኗን መቃኘት፣ ስትጎርስ ማሞገስ ሁሉም ዓይንን ወደ እጇ ይመልሳሉ። ስለዚህ ቤተሰቡን ለምኜ ስለ ምግቧ ክፉም ደግም እንዳይነገር አደረግሁ። እናታችን "ሆዷን አሟት ነው" እያለች ትሸፍንላት ነበር፤ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ግን ከማዕድ በሸሸች ቁጥር የምታገኘው እፎይታ ፍርሃቱን ያጠናክረዋል። ከእህቴ ጋር ተመካክረን እናታችን ቀስ በቀስ እንድትተወው ጠየቅናት። ማዕድ ላይ የእኔ ተግባር ወሬ ማምጣት ሆነ፤ ወሬው ሲጥማት ሐሳቧ ከጣቶቿ ላይ ይነሳል። አንድ ቀን "እየሰማኸኝ ነው ወይስ እጄን እያየህ?" ስትለኝ፣ እየሰማኋት ስለነበር የነገረችኝን መልሼ ነገርኋት።

ጉዞው ቀጥ ያለ አልነበረም። እንቅልፍ ባጣችበት ሳምንት ቀደም ብሎ የቀለላት ሁሉ ከበዳት፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለን ቀጠልን። ፍርሃቱ ከሥራ ወይም ከትምህርት የሚያስቀር ከሆነ፣ ወይም ምግብ መቀነስ ከጀመረ፣ የቤተሰብ ድጋፍ ብቻውን አይበቃም፤ በአስተሳሰብና በባሕርይ ላይ የሚሠራ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ ያስፈልጋል። እሷም ጀምራለች።

አሁን ከባልደረቦቿ ጋር ምሳ ትበላለች። የቀራት ትልቅ ድግስ ነው። እዚያ ግን አብሬያት እንዳልሄድ ጠይቃኛለች፤ እኔ አጠገቧ መቀመጤም እንደ ግማሹ ብርጭቆ መከላከያ እንደሆነባት ከባለሙያዋ ጋር ደርሰውበታል። እሺ ብያታለሁ።